ሹካዋን አልበሳም

ብስክሌቴን ያየ ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው። «ፍሬን የላትም እንዴ? ሹካዋን አስበስተሽ ፍሬን አስገጥሚላት እንጂ!» ሹካ የሚሉት የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ የሚቆመውን ብረት ነው። ጎሚስታው ይላል፣ ጎረቤት ይላል፣ እሑድ እሑድ አብረን የምንነዳው ልጆች ሳይቀሩ ይላሉ። ሰፈራችን ያለው በያጅማ «አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም» ብሎ መሰርሰሪያውን አንሥቶ ነበር። ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። አላስበሳትም ግን። ለምን እንደማላስበሳት በየመንገዱ ቆሜ ማስረዳት ስለማይመች ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ብስክሌት እንደሆነች ልንገራችሁ። የትራክ ብስክሌት ናት። ቬሎድሮም የሚባል የብስክሌት መወዳደሪያ መም አለ፤ ክብ ሆኖ የተዘጋ፣ መታጠፊያው ላይ ወደ ውስጥ በጣም ያዘነበለ። እሷ የተሠራችው እዚያ ላይ ለመንዳት ብቻ ነው። ፍሬን የላትም። ማርሽ መቀየሪያ የላትም። ካቴናው የሚያዞረው የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር ተቆልፎ ስለታሰረ ፔዳሉን ማቆም አይቻልም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል። ቁልቁለት ላይ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ፍጥነት መቀነስ ከተፈለገ ፔዳሉን በእግር ወደ ኋላ ይዞ መታገል ነው።

ፍሬን የሌላት በጀብደኝነት አይደለም፤ ይሄን ሰው ሁሉ ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። መሙ ላይ ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። አንዱ ከፊቱ ካለው ጎማ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ተጠግቶ ይነዳል። ከመሃል አንዱ ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ያለው በሙሉ ይከመርበታል። ስለዚህ ማንም ሰው ድንገት መቆም አለመቻሉ ነው ሁሉንም በሰላም የሚያዞራቸው። ፍሬኑ ተረስቶ የቀረ ነገር አይደለም፣ ታስቦበት ነው የተተወው።

ቁመናዋም ከዚሁ የመጣ ነው። ያዘነበለው መም ላይ ፔዳሉ መሬት እንዳይነካ የፔዳሉ ማዕከል ከመንገድ ብስክሌት ከፍ ይላል። መሪው የሚገባበት ቱቦ ቀጥ ያለ ነው፤ ለመታጠፍ ማሰብ ብቻ የሚበቃት ይመስላል። ሁለቱ ጎማዎች በጣም ይቀራረባሉ፣ የኋላው የኮርቻውን ቱቦ ሊነካ ምንም አይቀረው። የኋላው ጎማ የሚገባበት ስንጥቅ ወደ ኋላ የተከፈተ ነው። ካቴናውን የሚወጥር ሌላ መሣሪያ ስለሌላት ጎማውን ራሱን ወደ ኋላ ስባችሁ፣ ዳዶውን አጥብቃችሁ ነው የምትወጥሩት። የኋላዋ ስፋት 120 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ጥርስ የሚሸከመው የመንገድ ብስክሌት 130 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ እሷ የምትሸከመው አንድ ጥርስ ብቻ ስለሆነ ጠበብ ብላለች። እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ይሄ ነው። የማያስፈልጋት አንድም ነገር የላትም።

ያገኘኋት ኮተቤ፣ አንድ አዛውንት ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ነው። ለሌላኛዋ ብስክሌቴ ካቴና ልገዛ ገብቼ ከቤቱ ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማዎች በላይ፣ ምስማር ላይ ተሰቅላ አየኋት። ፍሬሙና ሹካው ብቻ። የግቢ በር በሚቀባበት ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቃለች፤ ብሩሹ የሄደበት መስመር ሁሉ ይታያል። ግን ቀለሙ ቅርጿን ሊደብቀው አልቻለም።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«እሷ ለመንገድ አትሆንሽም። ፍሬን መግጠሚያ የላትም።»

«አውርጄ ልያት?»

«እያት፣ ማየት አይከለከልም።»

አወረድኳት። ገና ሳነሳት ቅለቷ ደነቀኝ። ጋሼ መለኪያቸውን አቀበሉኝና የፔዳሉን ማዕከል ቤት ለካሁት፤ 70 ሚሊ ሜትር። የብሎን ጥርሱን አየሁት፤ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ነው። የእንግሊዝ ሥራ ብትሆን 68 ይሆንና በካቴናው በኩል ያለው ወደ ግራ ይጠብቃል። ጋሼ ከጀርባዬ ሆነው «ጣሊያን ናት» አሉ፣ እኔ ከመናገሬ በፊት። እሳቸው ሳይለኩ ነው ያወቋት።

ከዚያ ወሬያችን ረዘመ። ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው መጥቶ «ሹካዋን ይብሱልኝና ልውሰዳት» እንዳላቸው፣ እሳቸውም ሁሉንም እምቢ እንዳሉ ነገሩኝ። ምክንያታቸው የባለሙያ ነው። «ስስ ብረት ላይ ያልታሰበበት ቀዳዳ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። ይሄ ሹካ ሲሠራ ለቀዳዳ ቦታ አልተተወለትም። ሰውዬው ብረቱን ምን ያህል እንደሚያሸክመው ቆጥሮ ነው የሠራው። አንተ መጥተህ ስትበሳው ቁጥሩን ታበላሽበታለህ።» ይሄን ሲሉ የሚያወሩት እኔን ሳይሆን እነዚያን ሁሉ ደንበኞች ይመስሉ ነበር። ዋጋ ላይ ግን ፍንክች አላሉም። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ አልሆነም። የጠየቁትን ከፍዬ ልወጣ ስል አንድ መፍቻ አምጥተው መረቁልኝ። የኋላው ጥርስ ላይ የሚታሰረውን የቁልፍ ቀለበት የሚፈታ መፍቻ ነው። ገበያ ላይ ቢያጡት ከአሮጌ መፍቻ ራሳቸው በሞረድ ያወጡት። ዛሬም የምጠቀመው በእሱ ነው።

የበሩን ቀለም ለማንሣት የወሰደብኝ ጊዜ ብዙ ነው፣ ቸኩዬም አልነበረም። የቀለም ማስለቀቂያ፣ የእንጨት ቁራጭና ጨርቅ ብቻ ነው የተጠቀምኩት። ብርጭቆ ወረቀት እንዳላስጠጋት ጋሼ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ከሰማያዊው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ወጣ፣ አንዳንድ ቦታ የተላጠ፣ አንዳንድ ቦታ ግን አሁንም ጥልቅ ሆኖ የሚያበራ። የሹካው ጫፎች ክሮም ናቸው። የሠሪው ስም የትም የለም። ሹካውን ከፍሬሙ ሳወጣ ግን መሪው የሚገባበት አንገት ላይ አንዲት ትንሽ እርግብ ታትማ አገኘሁ። የኮሎምበስ ምልክት ናት።

ኮሎምበስ ሚላኖ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተ ቱቦ ሠሪ ድርጅት ነው። የጣሊያን ታላላቅ ፍሬም ሠሪዎች ብረታቸውን ከእሱ ነበር የሚወስዱት። የሹካው አንገት ውስጥ ጣቴን ሳስገባ እየተጠማዘዙ የሚወርዱ ሸንተረሮች ይሰማሉ፤ ብረቱን ሳያከብዱ ለማጠንከር የተደረጉ ናቸው። የኮርቻው ዘንግ 27.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን በትክክል ገባላት። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ኤስ ኤል ወደሚባለው የቱቦ ዓይነት ያመለክታል። የእሱ ግድግዳ ጫፍና ጫፉ ላይ፣ ማለትም የሚበየድበት ቦታ፣ 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መሃሉ ላይ 0.6 ብቻ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ብረት ላይ ተቀምጬ ነው የምነዳው። መሃሉን በጥፍሬ ስመታው ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጫፉን ስመታው ያጥራል። እንግዳ ቤት ሲመጣ ይሄን ሳላሰማ አልሸኝም።

ቱቦዎቹ የሚገናኙት በማገናኛ እጅጌ ውስጥ ነው። ሠሪው ቱቦውን ያስገባል፣ በእሳት ያግላል፣ ናስ ያስነካዋል። ናሱ ቀልጦ በእጅጌውና በቱቦው መሃል ባለችው ጠባብ ክፍተት ራሱ እየተሳበ ይገባል። ለዚህ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል። ሠሪው የሚለካበት መሣሪያ አይዝም፤ የብረቱን ቀለም ነው የሚያየው። ጥቁሩ ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ ብርቱካን ሲሄድ ያውቀዋል። ከመጠን በላይ ከጋለ ስሱ ብረት ይደክማል። ሙቀቱ ካነሰ ደግሞ ናሱ ሁሉም ጋ አይዳረስም፣ መገጣጠሚያው ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይቀራል፣ ይሄም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሲሰበር ነው። የእኔዋ አልተሰበረችም። በበር ቀለም ተለቅልቃ፣ ጥግ ላይ ተሰቅላ፣ ማን እንደነዳት በማይታወቅባቸው ዓመታት ሁሉ ያ ሰው ያፈሰሰው ናስ ቦታው ነበር።

ከብየዳው በኋላ ሞረድ ይመጣል። የእጅጌዎቹ ጠርዝ እስኪሳሳ ድረስ ተሞርዷል፣ ጫፋቸው ሹል ሆኖ ያልቃል። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ግን ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በግራ በኩል ያለው ጫፍ ትንሽ ይረዝማል፣ ትንሽም ወደ ታች ያዘነብላል። ከኮርቻው በታች አንድ የሞረድ ጭረት ቀርታለች፣ ቀለሙ ሸፍኗት የነበረች። እኔ እነዚህን ከሁሉም በላይ ነው የምወዳቸው። አንድ ሰው ቆሞ፣ ፍሬሙን ማሰሪያ ላይ አጥብቆ፣ እጁ እስኪዝል ሲሞርድ ይታየኛል። ማሽን ቢሆን ሁለቱም ወገን አንድ ይሆን ነበር። የሰው እጅ ስለሆነ እያንዳንዱ ጫፍ የራሱ ነው። ለዚህ ነው ቀዳዳ ነገር የሚከብደኝ። እያንዳንዷን ነገር አንድ ሰው ወስኖባት ባለቀች ሥራ ላይ እኔ በአምስት ደቂቃ መሰርሰሪያ ልፈርድባት አልችልም።

ስለ ሚላኖ ካነሣሁ ቪጎሬሊን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተ፣ መሙ ከእንጨት የሆነ ቬሎድሮም ነው። ፋሊዬሮ ማሲ የሚባለው ስመ ጥር ፍሬም ሠሪ ወርክሾፑ እዚያው ቬሎድሮሙ ሥር ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሠሪው ከታች ይሞርዳል፣ ጋላቢው ከላይ ይዞራል፣ ያልተመቸው ነገር ካለ ወርዶ ይነግረዋል። ጣሊያናዊው ጋላቢ ፋውስቶ ኮፒ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1942 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ መም ላይ ነው፣ በዚያ በጦርነቱ ዘመን፣ ሚላኖ በቦምብ በምትደበደብበት ወቅት፣ በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ። የሰዓት ክብረ ወሰን ማለት ቀላል ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብስክሌት፣ አንድ ሰዓት። ምን ያህል ሄድክ? በቃ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሜርክስ ታሪክ ነው። ቤልጂየማዊው ኤዲ ሜርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ክብረ ወሰን ለመስበር ሲነሣ አትላንቲክን ተሻግሮ ሜክሲኮ ሲቲ ሄደ። ለምን? ከተማዋ ወደ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ጋላቢውን ብዙ አይገታውም። ጣሊያናዊው ፍሬም ሠሪ ኤርኔስቶ ኮልናጎ 6 ኪሎ የማትሞላ ብስክሌት ሠራለት። ሜርክስም 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ሄደ። አሁን አዲስ አበባን አስቡ። መሃል ከተማው ራሱ ከሜክሲኮ ሲቲ ከፍ ይላል። እኔ የምነዳበት ሰንዳፋ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል አንጻር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሜርክስ ያን ያህል ርቆ የሄደለትን አየር እኛ በየቀኑ በነጻ እንተነፍሰዋለን። መሙ ግን የለንም። ከተማው ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ መሠራቱ ደስ ይለኛል፣ በእውነት ደስ ይለኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ አንድ 250 ሜትር የሆነ መም እመኛለሁ። ጣራ ባይኖረውም ግድ የለኝም።

ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለማ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን ላይ፣ የተወዳደረችው በሁለት ስፖርት ነው፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። እነ ገረመው ደንቦባ የነዱት አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በሩጫ ያለንን ስም የማያውቅ የለም፣ ብስክሌቱ ግን ከአፋችን ቶሎ አይወጣም።

በእጅ የሚሠራ የብረት ፍሬም ደግሞ የሞተ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጃፓናዊው ዮሺአኪ ናጋሳዋ ጣሊያን ሄዶ ከፍሬም ሠሪዎቹ ከሳንቴ ፖሊያጊና ከኡጎ ዴ ሮሳ ዘንድ ሙያውን ተምሮ አገሩ ተመለሰ። ብስክሌት ከሠራላቸው ሰዎች አንዱ ኮይቺ ናካኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1986 በተከታታይ 10 ጊዜ ስፕሪንት በሚባለው አጭር የመም ላይ የፍጥነት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ጃፓን ውስጥ ኬይሪን በሚባለው የመም ውድድር ዛሬም ብዙዎቹ የሚነዱት በእጅ የተሠራ የብረት ፍሬም ነው።

እሺ፣ መሙ ከሌለ የት ትነጃታለሽ ትሉኛላችሁ። ወደ ሰንዳፋ መንገድ።

ፍሬን ሳይኖራት ግን ዋና መንገድ አልወጣም። ይሄን በግልጽ ልናገር፣ ልጆችም ስለሚያነቡት። የትራክ ሹካ እግሮቹ ድቡልቡል ናቸው፤ የመንገድ ብስክሌት ሹካ ግን ጠፍጠፍ ይላል። ድቡልቡል በመሆናቸው ሳይበሱ በማቀፊያ የሚታሰር የፊት ፍሬን ይቀበላሉ። ውጭ አገር ያለች ዘመዴ ላከችልኝ። ከማቀፊያው ሥር ቀለሙን እንዳይልጠው የከመነዳሪ ቁራጭ አድርጌበታለሁ። በሁለት ብሎን ይታሰራል፣ በሁለት ብሎን ይፈታል፣ ብረቷ ላይ ምንም አይተውም። ታዲያ መሰርሰሪያው ምን ያደርግልኛል?

የፊት ጥርሷ 45፣ የኋላው 18 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ተኩል ጊዜ ይዞራል፣ ወደ 5 ሜትር ከሩብ ትሄዳለች። ሜርክስ ሜክሲኮ ላይ 52 በ14 ነበር የገጠመው፣ እሱ ዳገት የለበት። ለእኛ አገር 45 በ18 ልክ ነው። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ስሄድ እግሬ በደቂቃ 90 ጊዜ ይዞራል፣ ይሄ የሚመች ነው። ቁልቁለት ላይ 45 ከደረስኩ ግን ከ140 በላይ መዞር አለበት። እግሬ መቆም ስለማይችል ፍጥነቱ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት አስቀድሜ መያዝ አለብኝ። የኋላው ጥርስ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ በላዩ ያለው የቁልፍ ቀለበት ደግሞ ወደ ግራ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስይዝ ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፣ በዚያው ልክ ቀለበቱ ይጠብቅና ይይዘዋል። ይሄን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከካራ እነሳለሁ። ለገጣፎን እስካልፍ ወከባ ነው። ታክሲው ሰው ለመጫን ድንገት ይቆማል፣ ባጃጁ በየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ አሸዋ የጫነው ከባድ መኪና ጎኔን ታኮ ያልፋል። እዚያ ጋ እጄ ከፍሬኑ አይነሣም። ከለገዳዲ ወዲያ ግን መሬቱ ዘርጋ ይላል። አዲስ አበባ የምትጠጣው የግድቡ ውኃ ከሩቅ ይታያል፣ ግራና ቀኝ ገብሱና ስንዴው ነው፣ ድርቆሽ የጫኑ አህዮች ጠርዙን ይዘው ይመጣሉ። እዚያ ነው እሷ የምትናገረው።

በሌላ ብስክሌት ስሄድ አስፋልቱን አላውቀውም። በእሷ ግን እያንዳንዱን ከፍታ እግሬ ይቆጥረዋል። ጠፍጣፋ የሚመስል መንገድ ጠፍጣፋ እንዳልሆነ፣ የት ጋ ሳይታወቅ ማዘንበል እንደሚጀምር፣ የትኛው ጥገና አዲስ እንደሆነ በመዳፌና በጉልበቴ አውቃለሁ። ነፋሱ ስሄድ ፊት ለፊት ይመታኛል፣ ስመለስ ይገፋኛል። ሲገፋኝ ካቴናዋ ድምፅ የላትም፣ የማርሽ ትክትክታ የለም፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሽሽ ሲል ብቻ ይሰማል። እግር፣ ካቴና፣ ጎማ፣ መንገድ፤ በመካከላቸው የሚያታልል ነገር የለም። ስደክም ወዲያው ትነግረኛለች። ጉልበት ሲኖረኝም እንደዚያው። ይሄን ስሜት በጽሑፍ ማስጨበጥ ከባድ ነው፣ ግን አንዴ የቀመሰው ሰው ይገባዋል።

እረኛ ልጆች «አይዞሽ! በርቺ!» እያሉ አብረውኝ ይሮጣሉ፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ተዋውቀናል። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ አንድ ገበሬ አባት አዩኝና ቆም ብለው «ልጄ፣ ቁልቁለቱም ላይ ትለፊያለሽ እንዴ? እግርሽን አሳርፊ እንጂ» አሉኝ። ወርጄ አሳየኋቸው። የኋላውን ጎማ አንሥቼ በእጄ ሳዞረው ፔዳሉ አብሮ ሲዞር ተመለከቱ፣ ራሳቸውም አዞሩት፣ መልሰውም ወደ ኋላ አዞሩት። «ታማኝ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ስለ እኔ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ እሷ ነው የሚጠይቁኝ።

እንክብካቤዋ ብዙ አይደለም፣ ግን አይዘለልም። የብረት ጠላቱ ከውስጥ የሚጀምር ዝገት ነው፤ ስለዚህ የቱቦዎቹን ውስጥ ዘይት አዳርሼባቸዋለሁ። የኩሽኔታዎቹን ግራሶ በየጊዜው እቀይራለሁ። ክረምት ሲገባ ቤት ትቀመጣለች፣ እኔ በሌላኛዋ እነዳለሁ። የትራክ ጎማ የተሰፋና ቸርኬው ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ነው፤ መንገድ ላይ ሲተነፍስ ጎሚስታ አይጠግነውም። ስለዚህ ለመንገዱ ተራ ቸርኬና ከመነዳሪ ያለው ጎማ ገጠምኩላት። ለተሰፋ ጎማ የሚሆን ቸርኬም ቀስ በቀስ አግኝቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። መም ሲሠራ ይወጣል።

በቅርቡ አንድ ሰው ካፌው ግድግዳ ላይ ሊሰቅላት ጥሩ ዋጋ ሰጠኝ። በጣም ጥሩ ዋጋ ነበር። አይሆንም አልኩት። ከምስማር ያወረድኳትን መልሼ ምስማር ላይ ልሰቅላት? ሠሪዋ ያን ሁሉ የለፋባት ሰው እንዲነዳት ነው። ያቺ 0.6 ሚሊ ሜትር ብረት ስትወጠርና ስትለቅ፣ ዳገት ላይ ስነሣ ትንሽ ሸብረክ ብላ ስትመለስ፣ ይሄ ሁሉ ግድግዳ ላይ የለም። የካርቦን ብስክሌት የሚነዱ ጓደኞቼ ፈጣን ናቸው፣ ብስክሌታቸውም ጥሩ ነው፣ አልከራከራቸውም። እኔ ግን የምፈልገው ይሄንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ፣ አያታችሁ ጓሮ ወይም ምናለሽ ተራ ውስጥ በበር ቀለም የተለቀለቀ አሮጌ ፍሬም ካያችሁ ግራይንደር አታስነኩት። መጀመሪያ የኋላውን ስንጥቅ እዩ፤ ወደ ኋላ ከተከፈተና 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቆም በሉ። ገልብጡትና የፔዳሉ ማዕከል ሥር ቁጥር ታትሞ እንደሆነ ተመልከቱ። ሹካውን አውጡና አንገቱን በጨርቅ ጥረጉት። እርግብ ካገኛችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ መፍቻውን ይዤ እመጣለሁ። አብሮኝ መንዳት የሚፈልግ ካለ ደግሞ በመጪው እሑድ 12 ሰዓት ካራ ነኝ፤ ሰንዳፋ ሻይ ጠጥተን ነፋሱ ሳይበረታ እንመለሳለን። ማንኛውም ብስክሌት ይሆናል።